ከዋጋው በፊት ዕድሜውን

እትዬ በለጡ ባረፉበት ማለዳ በሰፈራችን ጥሩምባ አልተነፋም።

ደብረ ብርሃን ውስጥ እኛ በምንኖርበት ሰፈር ሞት የሚታወጀው በእድሩ ጥሩምባ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ነጥቶ ሳለ፣ ነፊው በየመታጠፊያው እየቆመ ይነፋና የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ደብሩን ይናገራል። ሰው ሁሉ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። በዚያ ማለዳ ግን እኔ የሰማሁት የበር መንኳኳት ነበር። ስከፍት ዘሐራ ቆማለች። ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች፣ በከተማው ዳር ካለው መጠለያ የምትኖር እናት ናት። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው።

«እትዬ በለጡ ሄዱ» አለችኝ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ። «ኢንና ሊላሂ! ጥሩምባ እንደማይነፋላቸው ስለማውቅ በየበሩ እየዞርኩ ነው። ዛሬ ጥሩምባቸው እኔ ነኝ።»

ይህን ብላ ወደሚቀጥለው በር አለፈች።

ጥሩምባው ለምን እንዳልተነፋ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚያወራው ግን ጥቂት ነው። «ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ብቻ ነገር ያበዙ ነበር» ብለው በአጭሩ ሊያልፉት የሚፈልጉ አሉ። እኔ በአጭሩ አላልፈውም። እትዬ በለጡ ነገር ያበዙ ነበር። ያበዙት የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ግን ይነገር።

የጎረቤላ ሰው ነበሩ። ከአንኮበር አፋፍ ላይ ተወልደው፣ ሹፌር አግብተው ወደ ደብረ ብርሃን የመጡት በወጣትነታቸው ነው። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም ነበር። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው ካረፉ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ሰናይትን በልብስ ስፌት አሳደጉ። ቤታቸው ከቤታችን ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር፣ የእኔም ልጅነት ግማሹ በእሳቸው ግቢ አልፏል።

በዚያ ግቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማይታለፍ ሥርዓት ነበር። ውሃ በትልቅ ሳፋ ተሞልቶ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ይቀመጣል፤ በኋላ የፈላ ውሃ ይጨመርበታል፤ ከዚያ የራሳቸውም የጎረቤትም ልጅ ተራ በተራ ይታጠባል። የደብረ ብርሃን ሰው በብርድ አመካኝቶ ገላውን ቢረሳ ማንም አይፈርድበትም። እሳቸው ግን ይፈርዱ ነበር። «ብርድ ሰበብ እንጂ ሳሙና አይደለም» ይላሉ። እኔን ሲያጥቡ ጆሮዬን የሚያሹት በተለየ ኃይል ነበር። ገና በትንሽነቴ መጽሐፍ ማንበብ በማብዛቴ «ሊቁ» የሚል ስም አውጥተውልኛል።

«እትዬ፣ ያማል እኮ!»

«ዝም በል ሊቁ! ያ ሁሉ ዕውቀት የሚገባው በዚህ አይደል? መንገዱን ልጥረግለት።»

ታጥበን ስናበቃ ብርድ የሰነጠቀውን ጉንጫችንን ቫዝሊን ቀብተው፣ ጥፍራችንን ቆርጠው፣ ጥርሳችንን አስከፍተው አይተው ያሰናብቱናል። እንደ በግ ገዢ ነበር የሚያዩን። ንጽሕና በእሳቸው ዘንድ ጌጥ አልነበረም። «ለሀብታም ጌጥ ሊሆን ይችላል» ይሉ ነበር፤ «ለእኛ ግን ሐኪማችን ነው፤ ያውም ካርድ የማያስወጣ።»

ከሁሉ የበለጠ የሚታወቁት ግን በገበያ ነው። አንድ አባባል ነበራቸው፤ ከአፋቸው የማይጠፋ፦ «በሽታ እግር የለውም፤ ከገበያ ተሸክመን የምናመጣው እኛ ነን።» ስለዚህ ወደ ገበያ የሚሄዱት እንደ ዘበኛ ነበር። ቅቤ ሲገዙ በጣታቸው ቆንጥረው፣ በእጃቸው ጀርባ ላይ አሽተው፣ አሽትተው፣ ጥቂት ቆመው እንደገና ያሸታሉ። አንድ ቅዳሜ የቅቤ ነጋዴዋ ትዕግሥቷ አለቀና፦

«ኧረ እትዬ፣ ቅቤ ነው የሚገዙት፣ አማች አይደለም የሚመርጡት!» አለቻቸው።

«አማችማ ቢከፋ ይፈታል» አሏት፣ ከጣታቸው ዓይናቸውን ሳያነሱ። «ሆድ የገባ ነገር በምን ይፈታል?»

የታሸገ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ፊቱን አያዩም። ይገለብጡታል። «የጣሳ ፊቱ ሥዕል ነው፤ እውነቱ ቂጡ ላይ ነው የተጻፈው» ይሉ ነበር። ቃሉን የጻፍኩት እሳቸው እንዳሉት ነው፤ ላሳምረው ብሞክር ይቆጡኛል። ሰናይትንና እኔን ሱቅ ሲልኩን የሚያስጠነቅቁን አንድ ነገር ነበር፦ «ከዋጋው በፊት ዕድሜውን ጠይቁ!» የሰፈሩ ጎረምሶች «ገልባጯ» የሚል ቅጽል አወጡላቸው። ሲሰሙ አልተቀየሙም። «መገልበጥ የሚገባው ስንት ነገር አለ፤ እኔ በጣሳ ጀመርኩ» አሉ።

ሰናይት በልጅነቷ በዚህ ሁሉ ታፍር ነበር። ሳትነግራቸው የገዛችውን ፊት የሚያነጣ ክሬም ሲያገኙ አልጮሁም፤ ወስደው ጥቁር ጫማቸውን ቀቡትና ደጃፉ ላይ አስቀመጡት። ማታ ጫማውን አንሥተው አሳዩአት። «ይኸው፣ ሲቀባ ዋለ። የሞተ ቆዳ ያላነጣ ነገር የአንቺን ሕያው ቆዳ ምን ሊያደርገው ነው? ማቃጠል ነዋ!» ሌላ ቀን ደግሞ አብረዋት ወደ ጋሽ ወርቁ ሱቅ ሄደው ሞዴስ ጠየቁ። ጋሽ ወርቁ እንደ ባለሱቅ ሁሉ ወዲያና ወዲህ አዩና በጋዜጣ ጠቅልለው፣ በጥቁር ፌስታል ከተው፣ ፌስታሉን ቋጥረው በባንኮኒው ሥር አቀበሉ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ምን ሰርቄ ነው የሚደብቁልኝ?»

«ኧረ ነውር ነው በለጡ! ወንዶች ቆመዋል።»

«ቆመዋላ! በምን በኩል ወደዚህ ዓለም እንደመጡ ረስተውት ከሆነ እናስታውሳቸው።»

ፌስታሉን ፈትተው፣ ጋዜጣውን አጣጥፈው መለሱላቸውና ዕቃውን ከጥቅል ጎመኑ አጠገብ በቅርጫታቸው አናት ላይ አደረጉት። በዋናው መንገድ መሐል ቀና ብለው ሄዱ። ሰናይት ከኋላ፣ እንደማታውቃቸው ሰው፣ አስፋልቱን ተሻግራ ትከተላቸው ነበር።

ስለ ጋሽ ወርቁ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ክፉ ሰው አልነበሩም። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ልቅሶ ቤት ሳይጠየቁ ስኳር የሚልኩ፣ የቸገረውን እናት ባዶ እጇን የማይመልሱ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚወዳቸው ሰው ነበሩ። ነገሩን ከባድ ያደረገውም ይኸው ነው። ክፉን ሰው መቃወም ቀላል ነው፤ እትዬ በለጡ የተቃወሙት ደግን ሰው ነበር።

የተፈናቃዮቹ መጠለያ በሞላበት ጊዜ ጋሽ ወርቁ ከአንድ ተጓዥ ነጋዴ የሕፃናት የዱቄት ወተት በካርቶን ገዙ። ለመጠለያው እናቶች ሲሉም ከዋጋው ብዙ ቀንሰው መደርደሪያው ላይ ደረደሩት። እትዬ በለጡ አንዱን ጣሳ አንሥተው ገለበጡ።

እዚህ ላይ አገራችን ብቻ የምትሠራውን አንድ ስሕተት ማስረዳት ያስፈልጋል። በታሸገ ዕቃ ላይ የሚታተመው ቀን የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ዓመት ደግሞ ከፈረንጁ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ሳያስብ ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው፣ አምና ያለፈበትን ወተት ገና ብዙ ዓመት የሚቆይ አድርጎ ያነበዋል።

«ጋሽ ወርቁ፣ ይቺ ጣሳ አልፎባታል።»

«ምን ሆነሻል? ቁጥሩን አንብቢያ! ልጁ ጠጥቷት፣ አድጎ፣ ትምህርት ቤት እስኪገባ ትኖራለች።»

«የፈረንጅ ነው ቁጥሩ። ወደ እኛ ሲመለስ አምና ነው። ይቺ ጣሳ አምና ሞታለች፤ እርስዎ ሳይቀብሯት ቆይተው ነው።»

ጋሽ ወርቁ ሣቁ። «ብትሞትስ በዚህ ብርድ መቼ ትሸታለች? ደብረ ብርሃን እኮ ራሷ ፍሪጅ ናት!»

ደጃፉ ላይ የቆሙት ሁሉ አብረው ሣቁ። እንዲህ ያለው ነገር በከተማችን እንደ ቀልድም እንደ እውነትም ይነገራል፤ ብርዱ ሁሉን ነገር ከመበላሸት ይጠብቃል ብሎ የሚያምን ብዙ ነው።

«ያንሡልኝ» አሉ እትዬ በለጡ፣ ሳይሥቁ።

«ለእነዚያ ምስኪኖች ብዬ ነው ያረከስኩት። ጽድቁ አይታይሽም?»

«ጽድቁን በሌላ ይፈልጉት። ጣሳዎቹን ያንሡ።»

«እሺ፣ ነገ እንነጋገራለን።»

በማግሥቱ ጣሳዎቹ እዚያው ነበሩ። እትዬ በለጡ ወደ ቤታቸው ተመልሰው በርጩማቸውን አመጡ፤ ጋቢያቸውን ደርበው የሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ሕፃን ያዘለች ሴት በመጣች ቁጥር «እህቴ፣ ገልብጪው» ይላሉ፤ ማንበብ ለማትችለው በጣታቸው እየቆጠሩ ያስረዳሉ። ዘሐራን ያን ዕለት ነው ያወቋት። መዳሕ የጀመረ ልጅ አዝላ ነበር።

«እትዬ፣ ጡቴ ደርቋል» አለቻቸው። «ይህንንም አትግዢ ካሉኝ ምን ላጉርሰው? ቁጥር አያጠግብ!»

እትዬ በለጡ ከበርጩማቸው ተነሡ። «እውነትሽን ነው» አሉ። «አትግዢ ማለት ብቻውን ምግብ አይሆንም። ነይ።» ወደ ቤታቸው ወስደው የገብስና የአተር ዱቄት በወተት በጥብጠው፣ በደንብ አብስለው፣ ልጁ ጠግቦ እስኪተኛ አበሉት። የተረፈውንም ዱቄት ቋጥረው ሰጡአት፤ እንዴት እንደሚሠራም አሳዩአት። ከዚያ ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

እኩለ ቀን ላይ ጋሽ ወርቁ ካርቶኖቹን አውጥተው ደጃፉ ላይ ወረወሩ። «ይኸው! ደስ ይበልሽ!»

«ደስ አይለኝም። ይከፈቱና ይደፉ፤ ካልሆነ ሌላ ሰፈር ነው የሚሸጡት።»

ከሱቁ ፊት ለፊት፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ ጣሳ በጣሳ ተከፍቶ ቦይ ውስጥ ተደፋ። ቦዩ ነጣ። የመጨረሻውን ጣሳ የደፉት ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ነበሩ። ሰውየው ያን ቀን ከከሰሩት ዕቃ ይልቅ ያጡት ፊታቸውን ነው።

ነገሩ እድር ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱ ተሰበሰቡ፤ እኔም እናቴን ወክዬ፣ ድምፅ ሳይኖረኝ፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አሥራት ክሱን አሰሙ፦ የእድሩን ገንዘብ ያዥ በአደባባይ አዋርደዋል፤ «ተሳስቻለሁ» ብለው ይቅርታ ካልጠየቁ ከእድሩ ይሰረዛሉ።

እትዬ በለጡ ተነሡ። «ከሰናይት በፊት ወንድ ልጅ ነበረኝ» ብለው ጀመሩ።

ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልሰማም ነበር። ሰናይት እንኳ ቀና አለች።

«ጡቴ እምቢ አለኝ። አባቱ የጣሳ ወተት ገዝቶ መጣ። ቁጥሩን አየን፤ ‹ገና ብዙ ዓመት አለው› ተባባልን፤ ተደሰትን። ልጄ ሆዱን ታመመ፣ አልዳነም። ኋላ ሐኪም ቤት አንዲት ነርስ ጣሳውን ገልብጣ የፈረንጅ ቀን መሆኑን ነገረችን። የገደለው ወተቱ ይሁን ሌላ ነገር፣ አላውቅም፤ የሚያውቅም የለም። የማውቀው ሳልገለብጥ መስጠቴን ነው።»

ጋሽ አሥራት ወደ እሳቸው ጎንበስ አሉ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ በለጡ። እንግዲያው ለሰላም ስትዪ ‹ተሳስቻለሁ› በይና እንፍታው። አንዲት ቃል ናት።»

«ጋሽ ወርቁን በሰው ፊት ስላሳፈርኳቸው በእግራቸው እወድቃለሁ» አሉ። አደረጉትም። ሰው ሳይይዛቸው ሄደው ከጉልበታቸው ሥር ተደፉ፤ ጋሽ ወርቁ ደንግጠው እግራቸውን ሰበሰቡ። እትዬ በለጡ ግን ሲነሡ ቀሚሳቸውን አራግፈው እንዲህ አሉ፦ «ተሳስቻለሁ ግን አልልም። እሱን ያልኩ ዕለት ጣሳው ይመለሳል።»

«አስቢበት እንጂ! እድር የሌለውን ሰው ማን ይቀብረዋል?»

«የደብረ ብርሃን ጅብ መቼ ጦሙን አድሮ ያውቃል፣ ጋሽ አሥራት?»

ከወደ ኋላ አንድ ሰው ሣቁን መቆጣጠር አቃተው። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ሞቴን እኔ አላየውም» አሉ። «እነዚያን ልጆች ግን ዛሬ አያቸዋለሁ።» ከዚያ ወጡ። ሰናይት ተከትላቸው ወጣች፤ በዚህ ጊዜ አስፋልት አልተሻገረችም፤ እጃቸውን ይዛ ነበር።

ስማቸው ተሰረዘ። በቀሩት ዓመታት ለሰው ልቅሶ አንድም ቀን አልቀሩም፤ ግን በርጩማቸውን ከቤታቸው ይዘው ይመጡ ነበር። «ወንበሩ የእድሩ ነው፤ ሐዘኑ ግን የሁላችን ነው» ብለው ከድንኳኑ በር አጠገብ ይቀመጣሉ። የተመለከተ ሁሉ ይከብደው ነበር። እሳቸውን የከበዳቸው አይመስልም። የቀረውን ጊዜያቸውን ወደ መጠለያው እየተመላለሱ ውሃ እንዲፈላ፣ እጅ እንዲታጠብ፣ ልጅ እንዲከተብ እየተጨቃጨቁ አሳለፉት። እናቶቹን አስከትለው ገበያ ሲገቡ ያየ ነጋዴ ዕቃውን አስቀድሞ ራሱ መገልበጥ ጀመረ።

በመጨረሻ ሲታመሙ ልጠይቃቸው ሐኪም ቤት ሄድኩ። ነርሷ ግሉኮሱን ልትሰቅል ስትል ድክም ባለ ድምፅ «የኔ ልጅ፣ ገልብጠሽ አይተሽዋል?» አሏት። «አይቻለሁ እማማ፣ ገና አዲስ ነው» አለች እየሣቀች። «ተባረኪ። እንግዲህ የቀረው የእኔ ዕድሜ ነው፤ እሱን ገልብጦ የሚያነበው አንዱ ብቻ ነው» አሉና ወደ እኔ ዘወር አሉ። «አንተ ሊቁ፣ ጆሮህን ታጥበሃል?»

ታጥቤ ነበር።

ከቀብር መልስ ወደ ግቢያቸው ስንገባ የእድሩ ድንኳን አልነበረም። በቦታው ሌላ ነገር ቆሞ ነበር። የመጠለያው እናቶች ለቤታቸው ጣሪያ በእርዳታ ያገኙትን ሸራ ፈትተው፣ ጠርዝ ለጠርዝ ሰፍተው፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ወጥረውታል። አንዱ ሸራ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የተጣፈ። ዘሐራ በአንዱ ጥግ ገመድ ታጠብቅ ነበር፤ ያ ይዳሕ የነበረው ልጅ ካስማ ያቀብላታል። ወንበር ስላልነበረ የሰፈሩ ሴቶች ከየቤታቸው በርጩማ ይዘው መጡ፤ ቀጥሎም ወንዶቹ፤ በኋላ ማን እድርተኛ ማን ተፈናቃይ እንደሆነ መለየት አስቸገረ።

ጋሽ አሥራት የእድሩን ድንኳን በሁለት ጎረምሶች አሸክመው መጡ። ሰናይት ደጃፉ ላይ ተቀበለቻቸው።

«ይቀመጥልን፣ ጋሽ አሥራት። እናቴ ጥላ አላጣችም።» ከዚያ መንገዱን ለቀቀችላቸው። «እርስዎ ግን ይግቡ፤ ብርድ ነው።»

ገቡ። ቀና ብለው የተሰፋውን ሸራ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

ከሁሉ በኋላ የመጡት ጋሽ ወርቁ ነበሩ። በጋሪ የታሸገ ውሃ በካርቶን አስጭነው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው፣ ከሸራው ጠርዝ አላለፉም። ዕቃ የሚያወርደው የለም፤ ሁሉም ሰናይትን ያያል። ተነሥታ ወደ ጋሪው ሄደች፤ አንዱን ካርቶን ከፍታ አንድ ጠርሙስ አወጣች።

«ገልብጬ ነው ያመጣሁት፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወርቁ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ሊሉት አስበው ነበር፤ ሁላችንም ግን ሰማነው።

«አውቃለሁ፣ ጋሽ ወርቁ። እኔም ልገልብጥ።»

ገለበጠችው። ቁጥሩን ወደ ብርሃን አቀረበች፤ እንደ እናቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ዓመቱን ወደ እኛ መለሰች። ጋሽ ወርቁ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ።

«ጊዜ አለው» አለች። «ይታደል።»